የሠራተኞችን ሞራል እንዴት ማንሳት ይቻላል? ከግብዣው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

የሠራተኞች ሞራል ሲወርድ ብዙ ኃላፊ ቶሎ ትዝ የሚለው ግብዣ ነው። ሽርሽር፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ። ክፋት የለውም። ግን ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሲመለስ ያው የተበላሸ ማተሚያ፣ ያው ማለቂያ የሌለው ስብሰባ፣ ያው ሰላምታ የማይመልስ አለቃ ይጠብቀዋል። የሽርሽሩ ፎቶ ስልኩ ላይ ይቀራል፤ ሙዱ ግን ቅዳሜ ማታ አልቋል።

ስለዚህ ከሌላው ጫፍ እንጀምር። መጀመሪያ ሰውን የሚያማርረውን ነገር ማንሳት፣ ቀጥሎ ሥራው ራሱ እንዲጥም ማድረግ፣ ፈታ ማለቱ ከዚያ በኋላ። አምስት ሰው ቢመሩም አምስት መቶ፣ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ይህን አካሄድ የሚደግፍ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን አነጋግረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተሙ። በሥራችሁ በጣም ደስ ያላችሁ መቼ ነው? በጣም የከፋችሁስ? ብለው ነበር የጠየቁት። ሰዎቹ ስለ መከፋታቸው ሲያወሩ በብዛት ያነሱት የድርጅቱን አሠራር፣ የአለቃውን አያያዝ፣ ደሞዝንና የሥራ ሁኔታን ነው። ስለ ደስታቸው ሲያወሩ ደግሞ ከዳር ያደረሱትን ሥራ፣ ያገኙትን ዕውቅናና የተሰጣቸውን ኃላፊነት አነሱ። ጥናቱ ትችት አላጣም፤ ሰው ሲሳካለት ራሱን ያመሰግናል፣ ሲበላሽበት አካባቢውን ይወቅሳል ያሉ ነበሩ። እውነት አላቸው። ቢሆንም አንድ ቢሮ ውስጥ ጥቂት ወራት የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ምቹ ወንበር ብቻውን ሥራ አያስወድድም፣ የሚቆረቁር ወንበር ግን የሚወዱትን ሥራ ያስጠላል።

1. ለየብቻ ይጠይቁ

"ሁሉ ነገር ደህና ነው?" ብሎ ለጠየቀ አለቃ መልሱ "ደህና ነው" ነው። ሌላ ምን ይባላል? ጥያቄው ጠበብ ማለት አለበት። "ባለፈው ሳምንት ሥራሽን ያጓተተብሽ ምን ነበር?" "እኔ ከማደርገው ነገር ብተወው የሚሻልህ አለ?" እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አይሞክሩት። እዚያ የሚናገሩት ሁልጊዜ የሚናገሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቀረው ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል። ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ይጠቅማል። ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ግን ማን ምን እንደጻፈ ከአጻጻፉ ይታወቃል፣ ሠራተኛውም ይህን ያውቃል። ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከትልቁ ጠረጴዛዎ ጀርባ ተነስተው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይመረጣል።

ከባዱ ነገር መልስ አለመስጠት ነው። ቅሬታ ሲሰሙ "ግን እኮ..." ማለት ያምራል። ይዋጡት። ይጻፉ፣ ያመስግኑ፣ ይውጡ። እዚያው መከላከል ከጀመሩ ቀጣዩ ሰው "ደህና ነው" ብሎ ይገላገላል።

2. በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ያስተካክሉ

ጠይቆ ዝም ማለት ጨርሶ ካለመጠየቅ ይብሳል። ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነውና። ከሰበሰቡት ዝርዝር ውስጥ ትንሽ፣ በእጅዎ ያለና ብዙ ሰው የሚነካ አንድ ነገር ይምረጡ።

በፈረቃ የሚሠራበትን ቦታ እንውሰድ። የቀጣዩ ሳምንት ፕሮግራም የሚለጠፈው ዓርብ ማታ ነው። ሰኞ የሌሊት ፈረቃ የደረሳት እናት ቅዳሜና እሁድን ልጇን የሚይዝላት ሰው ስታፈላልግ፣ ለባልደረቦቿ እየደወለች "እባክህ እንቀያየር" ስትል ታሳልፋለች። ሰኞ ስትገባ ሥራ ሳትጀምር ደክማለች። አለቃዋ ደግሞ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" ይላታል። ይህን ለማስተካከል በጀት አይጠይቅም። ፕሮግራሙን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማውጣት፣ መቀያየር የሚፈልጉ ስማቸውን የሚጽፉበት ወረቀት ከጎኑ መለጠፍ፤ በቃ። ለኃላፊው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለእሷ ግን እንደገና የራሷ የሆነ ቅዳሜና እሁድ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ለአንድ እስክሪብቶ ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ቅጽ፣ ማንም የማያነበው ዕለታዊ ሪፖርት፣ የማይዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር። ከአለቃው ወንበር ሲታዩ ተራ ናቸው። በየቀኑ ለሚጋፈጣቸው ሰው ግን "ስለ እናንተ ማንም ግድ የለውም" እያሉ የሚናገሩ ይመስሉታል።

3. የደሞዝን ነገር አያድበስብሱ

ደሞዝ በጊዜው የማይከፈል ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ ለጊዜው ይተዉትና መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም። ጭማሪ ማድረግ ካልቻሉ ያንን በግልጽ ይናገሩ፤ ለምን እንዳልተቻለና እንደገና የሚታየው መቼ እንደሆነም ይንገሩ። "እናያለን" የሚለው ቃል አንዴ ይሠራል፣ ሁለተኛ ጊዜ አይሠራም።

ከገንዘቡ መጠን እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ የሚያንገበግበው አድልዎ ነው። የዓመት ፈቃድ ሁሌ ቀድሞ የሚጸድቅለት ማን ነው? የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚደርሰው ለማን ነው? ዕድገት ሲመጣ መስፈርቱ አስቀድሞ ይታወቃል ወይስ ስም ከወጣ በኋላ ይፈለግለታል? መስፈርቱን ጽፈው ሁሉም የሚያየው ቦታ ያድርጉት። በውጤቱ የሚከፋ ሰው ይኖራል። ግን የሚከፋው በውጤቱ ብቻ ይሆናል።

4. ምስጋናዎ ስለ ምን እንደሆነ ይታወቅ

"ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ" ሰሚው ጆሮ ጋ ሳይደርስ የሚተን ምስጋና ነው። ከአንገት በላይ መሆኑም ያስታውቃል። ከዚህ ጋር ያነጻጽሩት፦

"ትናንት ያ ደንበኛ ሲጮህ ድምፅሽን ሳትጨምሪ እስኪረጋጋ ጠበቅሽው። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተሽ ነጥብ በነጥብ አሳየሽው። ውሉን ሳያፈርስ የሄደው በዚያ ነው።"

ይህን የሰማች ሠራተኛ ሁለት ነገር ታገኛለች። አለቃዋ እንዳየቻት ታውቃለች፤ ነገም ምን መድገም እንዳለባት ታውቃለች። ለማለት የፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ብቻ አንድ ጣጣ አለው፦ እንዲህ ለማመስገን ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። ቢሮውን ዘግቶ የሚውል ኃላፊ ጠቅለል ያለ ምስጋና ብቻ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው በአደባባይ መመስገን እንደማይወድም ያስቡ። አንዳንዱ ጭብጨባ ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ለእሱ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሻላል። "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ" የሚባለውን ነገር በተመለከተ፣ እኔ ባይኖር እመርጣለሁ። አንዱን አስደስቶ የቀሩትን "እኔስ ምን ጎደለኝ?" ያሰኛል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተራ ማዳረስ ይሆናል።

5. "ምን"ን ይወስኑ፣ "እንዴት"ን ይተዉላቸው

ስለ ሥራ ተነሳሽነት ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ በራስ ውሳኔ መሥራት፣ በሥራው ብቁ መሆን፣ ከሌሎች ጋር መቀራረብ። በሥራ ቦታ ቶሎ የሚነጠቀው የመጀመሪያው ነው። ውጤቱንና የሚደርስበትን ቀን ይስማሙ፤ መንገዱን ለሠራተኛው ይተዉ። የሚላከውን ኢሜይል ሁሉ ቃል በቃል የሚያርም አለቃ ጥራት የጠበቀ ይመስለዋል። ውሎ አድሮ ግን ሠራተኛው ማሰብ ያቆማል፤ "የትም አይቀርም፣ እሱ ያርመዋል" ብሎ።

6. ስህተት የሚነገርበት ቦታ ያድርጉት

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ቡድኖች ውስጥ የሚፈጠረውን የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት አጥንተው ነበር። የተሻለ የሚግባባ ቡድን አነስተኛ ስህተት ይኖረዋል ብለው ነው የጀመሩት። ቁጥሩ ግን ተቃራኒውን አሳየ። ነገሩን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ጥሩዎቹ ቡድኖች ስህተታቸውን አይደብቁም ነበር። በሌሎቹ ቡድኖች ስህተቱ አለ፤ የሚናገረው ጠፍቶ ነው።

አንድ ሰው "አበላሽቻለሁ" ብሎ ሲመጣ የእርስዎ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የክፍሉን ጠባይ ይወስናል። "ማን ነው?" ከማለት "ምን ላይ ደረሰ? አሁን ምን እናድርግ?" ማለት ይቅደም። ተጠያቂነት አይቅር፤ ከእሳቱ መጥፋት በኋላ ይምጣ። ሰው ፊት ማዋረድ ግን በምንም ሰዓት አይሆንም። የተዋረደው አንዱ ነው፣ ትምህርት የሚወስዱት ሁሉም ናቸው፤ ትምህርቱም "ደብቅ" የሚል ነው።

7. ሰዓታቸውን ያክብሩ

አጀንዳ የሌለውን ስብሰባ ይሰርዙ። በመልእክት የሚያልቀውን በመልእክት ይጨርሱ። ማታ ሐሳብ ቢመጣልዎት ይጻፉት፣ መላኩን ግን ለጠዋት ያቆዩት። "ነገ ብትመልስም ይሆናል" ብለው ቢጨምሩም፣ የአለቃን መልእክት አይቶ የሚተኛ ሰው ጥቂት ነው።

8. አሁን ፈታ ይበሉ

እዚህ ከደረሱ ግብዣው ቦታ አለው። የሚሠራው ግን በሥራ ሰዓት ሲሆን፣ አጭር ሲሆንና መቅረት ሲቻል ነው። እረፍት ቀን ላይ ተደርጎ "መገኘት ግዴታ ነው" የሚል ማስታወቂያ የወጣበት መዝናኛ ሌላ ሥራ ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። ምን እንደሚደረግ ሠራተኞቹ ይምረጡ። አንዱ ኳስ ይወዳል፣ ሌላው ጸጥ ብሎ ቁጭ ማለት። ሁሌ አንድ ዓይነት ዝግጅት ከሆነ ሁሌ የሚቀሩት ያው ሰዎች ይሆናሉ፤ እነሱን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም።

ብዙ ጊዜ ከትልቁ ዝግጅት ይልቅ ትንሹ ነገር ይቆያል። አብሮ ምሳ የሚበላበት ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮት፣ አዲስ ለሚገባ ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱን አብሮት የሚውል ባልደረባ። ቀልድም ይኑር፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ የሚቀለድ ከሆነ ግን ያ ሰው ስለሳቀ ተመችቶታል ማለት አይደለም።

9. የደከመውን ከደበረው ይለዩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣን መዛል በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ ውጤታማ አለመሆን። በሽታ ነው አላለም፤ ምንጩን ግን በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና አድርጎታል። ሁሌ ሐሳብ ያቀርብ የነበረ ሠራተኛ ዝም ካለ፣ "አይመለከተኝም" ማለት ካበዛ፣ ጨዋታና ግብዣ አያነሱትም። ቁጭ ብለው የያዘውን ሥራ ዝርዝር አብረው ይዩ፤ ቢያንስ አንዱን ከላዩ ያንሱለት። "በርታ" ብቻ ብሎ መሄድ ሸክሙን እሱ ላይ መተው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ። ያኔ የጻፉትን ወረቀት ይዘው ይግቡና የተስተካከለውንና ያልተስተካከለውን ያሳዩዋቸው፤ ላልተስተካከለውም ምክንያቱን ይንገሩ። በዚህኛው ዙር የሚሰሙት ቅሬታ ከመጀመሪያው ቢበዛ አይደንግጡ። መናገር ጀምረዋል ማለት ነው።