ስላይድ ፊልም ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ስላይድ ፊልም ታጥቦ ሲመጣ በእጃችሁ የያዛችሁት ራሱ ፎቶው ነው። ብርሃንና ጨለማው ተገላብጦ የሚወጣበት ኔጋቲቭ ፊልም እንደዚያ አይደለም። ሲታተም ወይም ስካን ሲደረግ አንድ ሰው መሃል ገብቶ ያቃናዋል፤ ቢጨልም ያበራዋል፣ ቢነጣ ይመልሰዋል። ስላይድ ላይ መሃል ገብቶ የሚያስታርቅ የለም። ካሜራው ውስጥ የሆነው ሁሉ ፊልሙ ላይ እንዳለ ቁጭ ይላል።

ይህ ብዙ ጀማሪ ያስፈራል። እኔ ስላይድን የምወደው ግን በዚሁ ጠባዩ ነው። ጥፋታችሁን አይደብቅላችሁም። ማንበብ ከቻላችሁ የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ስላይድ ላይ ጥቁር ማለት ብርሃን አላገኘም ማለት ነው። መስታወት መስሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ብርሃን በዝቶበታል። ከኔጋቲቭ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። አሁን ስልካችሁ ላይ ነጭ ስክሪን ክፈቱና ፊልሙን ከላዩ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

ጥቅሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ መጣ

መጀመሪያ ጠርዙን እዩት። የፊልሙ ስምና የፍሬም ቁጥሮቹ ይነበባሉ? ከተነበቡ እጥበቱ ደህና ነው፤ ፊልሙ ብርሃን ሳያይ ነው የታጠበው። ጠርዙም ጭምር ድፍን ጥቁር ከሆነ ግን ችግሩ ከእጥበቱ ሳይሆን አይቀርም። ያጠበላችሁን ሰው ጠይቁት።

ብርሃን ያላየበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ፊልሙ አልተጎተተም። የኔ የመጀመሪያ ስላይድ የቀረው እንደዚህ ነው። ቆጣሪው 36 ድረስ ቆጥሯል። ፊልሙ ግን ከቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም። ቆጣሪው የሚቆጥረው እጀታው መሳቡን እንጂ ፊልሙ መሄዱን አይደለም። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መፍትሄው አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የፊልሙን ጫፍ መጠቅለያው ውስጥ አስገቡ። ከላይም ከታችም ያሉት ጥርሶች ቀዳዳዎቹን መያዛቸውን በዓይናችሁ እዩ። ክዳኑን ዝጉ። ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው የምትመልሰውን ቁልፍ ፊልሙ ወጠር እስኪል ቀስ አድርጋችሁ አዙሯት። ከዚያ እጀታውን ስትስቡ ያቺ ቁልፍ በተቃራኒው መዞር አለባት። ካልዞረች ክፈቱና እንደገና አስገቡ። የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ያለች ትንሽ ፊልም ብቻ ናት።

ሁሉም ፎቶ ይታያል፣ ግን ጨለም ያለ ነው

የአይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት) ማዞሪያውን እዩት። ፊልሙ 100 ሆኖ ካሜራው 400 ላይ ከተረሳ ሁሉም ፎቶ ሁለት ስቶፕ ጨልሟል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ኔጋቲቭ ላይ እንደምንም ይተርፍ ይሆናል፤ ስላይድ ላይ አይተርፍም። ፊልም በቀየራችሁ ቁጥር ማዞሪያውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ማዞሪያው ትክክል ከሆነ ባትሪውን ጠርጥሩ። አንዳንድ የድሮ ካሜራዎች የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ዛሬ የሚገባላቸው የ1.5 ቮልት ባትሪ የካሜራውን የብርሃን ልኬት ሊያዛባው ይችላል። ለማጣራት ጠራራ ፀሐይ ላይ ውጡ። ፀሐይ በጀርባችሁ ሆኖ፣ በ100 ፊልም፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ ሆኖ የብርሃን መለኪያው 1/125 ሰከንድ አካባቢ ሊላችሁ ይገባል። በጣም ከራቀ አትመኑት።

ሰማዩ ነጭ ሆኖ ጠፋ፣ ወይም ጥላው ድፍን ጥቁር ሆነ

ስላይድ የሚያጣላው እዚህ ጋ ነው። ዓይናችሁ ደመናውንም ከዛፉ ሥር ያለውን ሰውም አብሮ ያያል። ስላይድ ግን ከደማቁ እስከ ጨለማው የሚይዘው አምስት ስቶፕ ያህል ብቻ ነው። ከኔጋቲቭ የመጣ ሰው «ብርሃን ጨምርለት፣ አይጎዳውም» የሚል ልማድ አለው። ስላይድ ላይ ይህ ልማድ ያከስራል። የጠፋ ደመና ከፊልሙ ላይ የለም፤ ስካነርም አያመጣውም። የጨለመ ጥላ ግን ትንሽ ነገር ያተርፋል። ስለዚህ ምንጊዜም ደማቁን አድኑ።

መለኪያው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጭ ግድግዳ ስታሳዩት ያጨልመዋል። ጠይም ፊት ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ያነጣዋል። የነጩን ከልኬቱ አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ ጨምሩ፤ የጠይሙን አንድ ያህል ቀንሱ። የማይደገም ነገር ፊታችሁ ከሆነ ሦስት ጊዜ አንሱት፦ አንዱን በልኬቱ፣ አንዱን ግማሽ ስቶፕ ቀንሳችሁ፣ አንዱን ግማሽ ጨምራችሁ። ፊልም ማባከን አይምሰላችሁ። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ብዙ ያስተምራል። እኔ የግማሽ ስቶፕን ዋጋ የተረዳሁት እንደዚያ ነው።

ያም ሆኖ አንዳንድ ትዕይንት ለስላይድ አይሆንም። የእኩለ ቀን ፀሐይና ጥቅጥቅ ያለ ጥላ አንድ ፍሬም ላይ ከተገናኙ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ወይም ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል ጠብቁ።

ቀለሙ እንግዳ ሆነ

የተለመዱት ስላይድ ፊልሞች የተሠሩት ለቀን ብርሃን ነው፤ በብርሃን ቀለም መለኪያ 5500 ኬልቪን አካባቢ። በድሮው አምፖል ሥር ካነሳችሁ ብርቱካናማ፣ በፍሎረሰንት አረንጓዴ፣ በጥላ ሰማያዊ ይሆናል። ለአምፖሉ 80ኤ የተባለው ሰማያዊ ፊልተር ይረዳል፤ ግን ሁለት ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበላል። ለጥላው 81ኤ ሞቅ ያደርገዋል። ፊልተር ከሌላችሁ ፍላሽ ተጠቀሙ፤ የፍላሽ ብርሃን ከቀን ብርሃን ጋር ይቀራረባል።

የሰው ፊት ብቻ ቀልቶ ከመጣ የፊልሙ ጠባይ ሊሆን ይችላል። ቬልቪያ የተባለው ስላይድ ፊልም ቀለም ማድመቅ ይወዳል፤ ለመልክዓ ምድር ድንቅ ነው፣ ለፊት ግን አልመርጠውም። ለሰው ፕሮቪያ 100ኤፍ ወይም ኤክታክሮም ኢ100 የተባሉት ስላይድ ፊልሞች ይሻላሉ። ማታ ረጅም ሰዓት ከፍታችሁ ለማንሳትም ፕሮቪያን ያዙ፤ እስከ 128 ሰከንድ ማስተካከያ አይፈልግም። ቬልቪያ 50 ከ4 ሰከንድ ጀምሮ የብርሃን ጭማሪና የቀለም ፊልተር ይጠይቃል።

መደርደሪያ ላይ የከረመና ጊዜው ያለፈበት ስላይድም ቀለሙን ይስታል። ለመለማመጃ ይሁን እንጂ ለሠርግ አይሁን።

የመጣልኝ ኔጋቲቭ ነው

በስህተት የቀለም ኔጋቲቭ በሚታጠብበት በሲ-41 ታጥቧል። ስላይድ የሚታጠበው በኢ-6 ነው። የታጠበው አይመለስም። ለሚቀጥለው ጥቅል ፊልሙን ስትሰጡ «ኢ-6» ብላችሁ ቆርቆሮው ላይ ጻፉበት። ከአያት ሳጥን ኮዳክሮም የተባለውን የድሮ ስላይድ ፊልም ካገኛችሁ ደግሞ እሱ የራሱ ኬ-14 የሚባል እጥበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የመጨረሻው ላቦራቶሪ መቀበል አቁሟል፤ ስለዚህ ኢ-6 ውስጥ እንዲከቱባችሁ አትፍቀዱ።

ጨረር መሰል ነጭ ወይም ብርቱካናማ መስመር

ብርሃን በክዳኑ እየገባ ነው። መስመሩ በየፍሬሙ አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ የክዳኑ ጥቁር ስፖንጅ አልቋል። ጣታችሁን ጉድጓዱ ላይ አሳልፉ፤ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ጣታችሁ ላይ ከቀረ በቃ፣ መቀየር አለበት። እስኪቀየር ድረስ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን በጥቁር ቴፕ ሸፍኑትና ማንሳታችሁን ቀጥሉ።