በስቶክ ካር የኢንተርኔት ውድድር መንገድ መዝጋትና ደርቦ ማለፍ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አይሬሲንግ በተባለው የኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጨዋታ የምወዳደርበት ሰርቨር ግን ባሕር ማዶ ስለሆነ ፒንጌ (መልእክት ወደ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ማታ ማታ 200 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በዚያች ቅጽበት 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ይህም ከሦስት ስቶክ ካር (የቤት መኪና ቅርጽ ያለው የውድድር መኪና) ርዝመት ይበልጣል። ከከተማው ዳር ሆኖ የሚጫወት ሰው የሚከተሉትን ደንቦች በዚህ ስሌት ሊያነባቸው ይገባል።

ከፊት ያለ ተወዳዳሪ መስመሩን የመምረጥ መብት አለው። ተከታዩ ገና ሳይወጣ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ቢወርዱ መከላከል ነው፤ እሱ መሪውን ካዞረ በኋላ በስፖኪዮ እያዩ ወደ ወጣበት መከተል ግን መዝጋት ነው፣ አይሬሲንግም በደንቡ ይከለክለዋል። የሌላው ኮምፒውተር የእርስዎን መኪና የሚያሳየው ከቀደመው አቅጣጫዎ ተነሥቶ በመገመት ነው። ቀጥ ብለው ሲነዱ ግምቱ ይሰምራል፤ በድንገት ሲታጠፉ ግን እሱ የሚያይዎት አሁንም በቀድሞው ረድፍ ነው። አንድ ምሽት ዴይቶና በተባለው የአሜሪካ የውድድር ሜዳ ላይ ተከታዬን እንዲህ ዘግቼ ተጋጨንና ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከክሁ፤ በእኔ ስክሪን ግማሽ መኪና የሚያህል ክፍተት ነበራ! እሱ ከራሱ ስክሪን የቀዳውን ቪዲዮ ሲልክልኝ ግን የኋላ ፓራውልቴ ከፊቱ ዘሎ ሲገባ አየሁት። ስለዚህ የሚዘጉ ከሆነ ቀደም ብለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሪውን በዝግታ እያዞሩ ይዝጉ።

ደርቦ ለማለፍ የቱሉ ዲምቱ አደባባይን ልማድ ይርሱት፤ እዚያ አፍንጫውን ያስገባ ቀድሟል፣ እዚህ ግን የፊት ጎማዎ ከሌላው በር ትይዩ ሳይደርስ መስመሩ የእርስዎ አይደለም። ስፖተሩ (በዙሪያዎ ያሉትን መኪናዎች በድምፅ የሚያሳውቅዎት ረዳት) ጎንዎ መኪና እንዳለ ሲነግርዎት መስመርዎን ይጠብቁ፣ ነጻ መሆንዎን እስኪያረጋግጥልዎትም አይመለሱ፤ እኔ ከዚያም በኋላ አንድ ሰከንድ እጨምራለሁ። ዴይቶና ላይ ብቻውን ከሰልፉ የወጣ መኪና ነፋሱን ስለሚጋፈጥ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከኋላ የሚገፋዎት ሳያገኙ አይውጡ። ሌላውን ሲገፉም ቀጥታው ላይ፣ ፓራውልት ከፓራውልት ገጥሞ ይሁን፤ 31 ዲግሪ ባዘነበለው ኩርባ ላይ የሚገፋ ሰው የፊተኛውን ያሾረዋል።

ዙር የተደረበብዎት (ፈጣኑ በአንድ ሙሉ ዙር የቀደመዎት) ከሆነም መንገድ ለመልቀቅ ብለው ወዲያ ወዲህ አይበሉ። ረድፍዎን ይዘው ይቀጥሉ፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚመርጠው ፈጣኑ ነው።