ታሞ መቅረትና ጠፍቶ መቅረት፦ በሕመም ፈቃድ ጭቅጭቅ ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬ (ድሬዳዋ) ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። ሠራተኛው «ታምሜ ነው» ይላል፣ ፎርማኑ «ጠፍተህ ነው» ይላል። በሠራተኛ ማኅበር በኩል እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ስከታተል ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ስላልታመመ ሳይሆን ወረቀቱና ቀኑ ስላልገጠሙለት ነው። በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፤ አንቺም ለራስሽ አድርገሽ አንብቢው። የማወራው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚተዳደሩ ሠራተኞች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የሥራ መሪ ሌላ ሕግ አላቸው።

ዝም ብሎ መቅረት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሕጉ ታሞ የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪው ያሳውቅ ይላል። አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ ብቻ ነው ይህ ግዴታ የሚቀረው። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ አይመሰክርም። «ደውዬ ነበር» ስትል ፎርማኑ «አልደወለም» ካለ ምን ይዘህ ትከራከራለህ? ስለዚህ ከደወልክ በኋላ አጭር መልእክት በቴሌግራም ወይም በኤስ ኤም ኤስ ላክ። «አሞኛል፣ ዛሬ የጠዋት ሽፍት አልገባም፣ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው» በቂ ነው። ራስህ ካልቻልክ ወንድምህ ወይም ጎረቤትህ ይላክልህ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ያለምክንያት አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ከሆነና ቀሪው በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ ካልተሸፈነ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ያሰናብታል። የሕመም ፈቃድ ከእነዚያ ፈቃዶች አንዱ ነው። ያላሳወቅከውና ወረቀት የሌለው ሕመም ግን ለሰው ኃይል ክፍሉ ተራ ቀሪ ነው።

ወረቀቱን ሳያነቡ ኪስ መክተት

እሑድ ማታ ያተኩስሃል። ሰኞና ማክሰኞ ቤት ትተኛለህ፣ ዳማከሴም ትሞክራለህ። ረቡዕ ሲብስብህ ድልጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ትሄዳለህ። ሐኪሙ ደክሞታል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ «ከረቡዕ ጀምሮ 3 ቀን እረፍት» ብሎ ይጽፍልሃል። አንተም አመስግነህ ትወጣለህ። ሰኞና ማክሰኞ የት ሄዱ? የትም። ሁለት ቀን ቀሪ ነህ።

ከክፍሉ ሳትወጣ አንብበው። ስምህ ልክ ነው? ቀኑ ከመቼ እስከ መቼ ይላል? የሐኪሙ ፊርማና የተቋሙ ማህተም አለ? ሕመሙ መቼ እንደጀመረህ ንገረውና ካመነበት እንዲጽፈው ጠይቅ። መጻፍ አለመጻፉ የእሱ ውሳኔ ነው፣ አትጨቃጨቀው። ዋናውን ስታስገባ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብለህ አስፈርም። አንፈርምም ካሉህ ፎቶውን በዚያው ቀን በመልእክት ላክ። የተገዛ ወረቀት የሚያመጡ እንዳሉ እናውቃለን፤ በእነሱ ምክንያት ነው እውነተኛው ታማሚ የሚጠረጠረው። ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ የመጣን ሰው እኔም አልከራከርለትም።

«ስድስት ወር አለኝ» ብሎ መተማመን

የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ (ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው) አዎ፣ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለህ። ክፍያው ግን እየወረደ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሚቆጠረውም ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ጀምሮ ባለው 12 ወር ውስጥ ነው፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ይደመራል። ጥቅምት ላይ 14 ቀን፣ ጥር ላይ 21 ቀን ከተኛህ 35 ቀን ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት በግማሽ ይታሰባሉ። የደመወዝ ቀን «ገንዘቤን በሉብኝ» ብለህ ፔሮል ክፍል በር ላይ ከመጮህህ በፊት ደምረህ እይ።

በዓመት ፈቃድ ላይ ሳለህ ከታመምክም የሕመም ፈቃድ ደንቡ ነው የሚሠራው። ወረቀቱን አምጣ እንጂ የዓመት ፈቃድህን በአልጋ ላይ አትጨርሰው።

በሥራ የመጣን ጉዳት ተራ ሕመም ማድረግ

ይሄኛው ያናድደኛል። ልጁ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ ይላል። ክሊኒክ ሄዶ «ወገቤን አሞኛል» ይላል፣ ካርዱም ላይ የወገብ ሕመም ተብሎ ይጻፋል። ከሁለት ወር በኋላ «በሥራ ላይ ነው» ሲል ማን ያምነዋል? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል፤ የሕክምና ወጪውም በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ስትሠራ እንደሆነ ንገረው፣ ካርዱ ላይ ይግባ። ለድርጅቱም በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቅ፣ ያዩህን ሰዎች ስም ጨምርበት። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትሄድ ወይም ስትመለስ የደረሰብህም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ሳይሻል መመለስ፣ ወይም ቀኑ ካለቀ በኋላ መተኛት

በ2011 ክረምት ማብቂያ ቺኩንጉንያ ድሬን ያስተኛት ጊዜ ታስታውስ ይሆናል። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ይለቃል፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። የክር ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ጣቱ አልታጠፍ ካለው የተበጠሰ ክር እንዴት ይቀጥላል? ፎርማኑ ግን ግንባሩን አይቶ «ድነሃል» ይላል።

እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ወረቀቱ አልቆ «ገና ያመኛል» ብሎ ቤት መቅረት ነው፤ ፈቃዱ ሳያልቅ ተመልሰህ ታይ። ሌላው «ቀላል ሥራ ይሰጠው» የሚል ወረቀት ይዞ መግባት። ለፎርማን ቀላል ሥራ ማለት መጋዘን ማጽዳት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዘርዝሮ እንዲጽፍልህ ለምነው፦ ከስንት ኪሎ በላይ አያንሳ፣ ስንት ሰዓት በላይ አይቁም፣ እስከ መቼ። እንዲህ የተጻፈን ወረቀት ማጣመም ይከብዳል።

አለቆችም ይሳሳታሉ

«ትናንት ከዚራ ሰፈር ጁስ ስትጠጣ አይቼሃለሁ» ማስረጃ አይደለም አቦ። የሕመም ፈቃድ የቤት እስር አይደለም። ፈቃድ ላይ ሆኖ ባጃጅ ሲነዳ የተገኘ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አለቃ ሆይ፣ ጥርጣሬ ካለህ በቂ ምክንያት ይዘህ ሠራተኛው ሌላ ምርመራ እንዲያደርግ መጠየቅ ትችላለህ፣ እሱም እንቢ ማለት የለበትም። የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን አይገደድም። ወረቀቱን በየሽፍቱ እያዞሩ «እንዲህ ነው አሉ ያመመው» ማውራትም ነውር ነው።

ስድስት ወር አለቀ ብሎ በማግስቱ ማሰናበትም ያስከስሳል። በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ የሚሰናበተው ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሰው ነው፣ ይህን የሚናገረው ደግሞ ሐኪም እንጂ ፎርማን አይደለም። የማስጠንቀቂያ ጊዜውም እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርሞ መገላገል የሚወዱም አሉ። ሠራተኛ ሆይ፣ ታመህ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር አትፈርም።

ሽማግሌ እየላኩ ጊዜ ማሳለፍ

ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ ይቆጠራል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። ወደ ሥራ የመመለሱን ከተሰናበትክበት ቀን፣ የደመወዙን ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ቁጠር። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። መጀመሪያ የማኅበርህን ሰዎች፣ ማኅበር ከሌለህ የከተማውን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አነጋግር። ስትሄድ የሕክምና ወረቀቶቹን፣ የላክካቸውን መልእክቶች፣ የስንብት ደብዳቤውንና የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀትህን በአንድ ፌስታል ያዝ።