የኢላይዛ ምርመራን በማግኔታዊ ቢድ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ማሳጠር

በተለመደው ኢላይዛ (በናሙና ውስጥ ያለን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ይዞ በኢንዛይም ቀለም የሚለካ ምርመራ) ጊዜውን የሚበላው ጥበቃው ነው። ፕሮቲኑን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል (ያዡ) የተለጠፈው ከሳህኑ ጉድጓድ ታችና ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ የምንፈልገው ፕሮቲን ፈሳሹን አቋርጦ እዚያ መድረስ አለበት። የፀረ እንግዳ አካል መጠን ያለው ሞለኪውል ካልተበጠበጠ 3 ሚሊ ሜትር ለመሄድ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ ለ10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር መቶኛ) ግን አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናልና። ያዡን ብረት ኦክሳይድ ባለባቸው ቢዶች (በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች) ላይ ለጥፎ ናሙናው ውስጥ መበተን፣ ሲያበቃም በማግኔት መሰብሰብ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ለሥልጠናና ለምርምር ነው፤ ለታካሚ የሚነገር ውጤት በተፈቀደ ኪት ብቻ መውጣት አለበት።

የሚያስፈልገው፦ ስትሬፕታቪዲን (ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) የለበሰ 2.8 ማይክሮን ቢድ (በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም)፣ ባዮቲን የተያያዘበት ያዥ ፀረ እንግዳ አካል፣ ኤችአርፒ ኢንዛይም የተያያዘበት ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል፣ ቲኤምቢ (ኢንዛይሙ ቀለም የሚያወጣበት ፈሳሽ)፣ ማጠቢያ (ፒቢኤስ የተባለው የጨው ቡፈር ከ0.1% ቢኤስኤ፣ ማለትም ከከብት ደም ከሚገኝ አልቡሚን፣ እና ትዊን 20 ከተባለ 0.05% ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ጋር)። በቢኤስኤ ፋንታ የወተት ዱቄት አይጠቀሙ፤ ወተት ውስጥ ያለው ባዮቲን የስትሬፕታቪዲኑን ቦታ ይይዝብዎታል። የማግኔት ማቆሚያ ከሌለ ከምን አለሽ ተራ ከሚገኝ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ የሚወጣው ኒዮዲሚየም ማግኔት ይሠራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቢድ ያለበት ቡናማ ፈሳሽ ማግኔቱ አጠገብ ሲቀመጥ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጥርት ማለት አለበት።

ቢዱን ማዘጋጀት

1. የቢዱን ጠርሙስ 30 ሰከንድ ቮርቴክስ ያድርጉ (በመበጥበጫ መሣሪያ ያንቀጥቅጡ)። ቢዱ ስለሚዘቅጥ ሳይበጠበጥ የተቀዳ መጠን ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው።

2. 100 ማይክሮ ሊትር ወደ 1.5 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ይቅዱና በ1 ሚሊ ሊትር ማጠቢያ ሦስት ጊዜ ይጠቡ። ቲዩቡ ማግኔቱ ላይ ሲቀመጥ ቡናማው ደመና ከወዲያኛው ጎን መሳሳት ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም በማግኔቱ በኩል የሻይ ቅጠል ቀለም ያለው ትንሽ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ፈሳሹን ቲዩቡ ከማግኔቱ ሳይነሳ ከተቃራኒው ጎን ይምጠጡ። እጥበቱን አያሳጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ቢዱ የሚቀመጠው በሶዲየም አዛይድ ነው፣ አዛይድ ደግሞ ኤችአርፒን ያግዳል።

3. 10 ማይክሮ ግራም ያዥ ፀረ እንግዳ አካል በ200 ማይክሮ ሊትር ማጠቢያ በጥብጠው ይጨምሩ፣ 30 ደቂቃ ያሽከርክሩ፣ አራት ጊዜ ይጠቡ፣ በ100 ማይክሮ ሊትር ማጠቢያ መልሰው ይበትኑ።

ምርመራው

4. ለ100 ማይክሮ ሊትር ሴረም 100 ማይክሮ ሊትር ማጠቢያና 5 ማይክሮ ሊትር ቢድ ጨምረው 15 ደቂቃ ያሽከርክሩ። በዚህ መጠን ከቢድ እስከ ቢድ ያለው ርቀት በአማካይ 40 ማይክሮን ገደማ ነው። ፕሮቲኑ በሰከንዶች ይደርሳል፤ 15 ደቂቃው መጣበቁ ራሱ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

5. ሦስት ጊዜ ይጠቡ። 100 ማይክሮ ሊትር ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል (አምራቹ በሚለው መጠን የቀጠነ) ጨምረው 15 ደቂቃ ያሽከርክሩ።

6. አምስት ጊዜ ይጠቡ። በመጨረሻው እጥበት ቢዱን ወደ አዲስ ቲዩብ ያዛውሩ፤ የአሮጌው ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ኢንዛይም የውሸት ቀለም ይሰጣል።

7. 100 ማይክሮ ሊትር ቲኤምቢ ጨምረው 10 ደቂቃ ከብርሃን ይከልሉ። ቢዱን በማግኔት ሰብስበው ጥርት ያለውን ፈሳሽ ብቻ 50 ማይክሮ ሊትር 2 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ወዳለበት ጉድጓድ ይውሰዱና በ450 ናኖ ሜትር ያንብቡ። አብሮ የሄደ ቢድ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ንባቡም ያለ አግባብ ከፍ ይላል። አሲዱን ያለ ጓንትና መነጽር አይንኩ።

ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ፕሮቲኑ የሌለበት ናሙናና የፕሮቲኑ መጠን የታወቀ ሌላ ናሙና አብረው ያስኪዱ። ያለ እነሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

የሚበላሸው የት ነው?

በሱሉልታ ወይም በእንጦጦ ጀርባ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ይቀዘቅዛል። በመመሪያ ላይ «የክፍል ሙቀት» የሚባለው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ በብርድ የኢንዛይሙ ቀለም ስለሚደክም አዎንታዊው ናሙና አሉታዊ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ቴርሞሜትር ጠረጴዛው ላይ ይኑር፣ ማጠቢያውም ከፍሪጅ ቀድሞ ይውጣ።

መብራት ሲጠፋ ማሽከርከሪያው ይቆማል፣ ቢዱም ታች ይተኛል። ያን ጊዜ ያተረፍነው ፍጥነት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ሁሉም ናሙና እኩል ስለማይዘቅጥም ውጤቶቹ አይወዳደሩም። መብራት እስኪመጣ ቲዩቦቹን በየግማሽ ደቂቃው በእጅ መገለባበጥ ይበቃል።

ቢዱ ከመሐል ከተማ ወደ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ሲጓጓዝ የበረዶ ጥቅሉን በቀጥታ እንዳይነካ በካርቶን ይለዩት። አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ እርስ በርሱ ይጋገራል፤ የተጋገረ ቢድ ደግሞ ቢበጠበጥም ጓል ጓል እንዳለ ይቀራል። ማጠቢያውን አውጥተው ቲዩቡን ከፍተው ቢተዉትም እንዲሁ ነው፣ ደርቆ ይያያዛል። ሴረሙ ቀልቶ ከመጣ የተሰበረ ቀይ የደም ሕዋስ አለበት፤ ሄሞግሎቢን ራሱ ቲኤምቢን ያቀልማልና እንዲህ ያለው ናሙና እንደገና ይቀዳ።