ጃፓንኛ ለብቻችሁ ስትማሩ የት ጋ ቆማችሁ? ችግርና መፍትሄ

እዚህ ድሬ ዳዋ መጽሐፍና ስልክ ብቻ ይዞ ጃፓንኛ የጀመረ ሰው የሚቆምባቸው ቦታዎች አሉ። እኔም ቆሜባቸዋለሁ። ብዙዎቹ የሚመጡት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ሰው ስለተጻፈ ነው። እሱ የሚለፋበት ለእኛ ቀላል ነው፤ እኛ የምንወድቅበትን ደግሞ መጽሐፉ በአንድ መስመር ያልፈዋል።

ፊደሉ አልያዝ ካላችሁ

መጀመሪያ የምትማሩት የጃፓንኛ ፊደል ሂራጋና 46 መሠረታዊ ፊደላት አሉት። እኛ ከ«ለ» ተነስተን «ሉ»ን፣ «ሊ»ን ማውጣት ለምደናል። እዚያ ግን «ካ»፣ «ኪ»፣ «ኩ» በመልክ አይዛመዱም። ዝምድና አትፈልጉ። በቀን 5 እየጻፋችሁ ያዙ፣ በ10 ቀን ያልቃል። ከቃሉ በላይ ያለውን የላቲን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍኑት።

ቃሉን ብላችሁት ሌላ ትርጉም ከሰጠ

ይሄኛው ከባዱ ነው። «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባኣሳን» አያት። «ቢሩ» ሕንጻ ነው፣ «ቢኢሩ» ቢራ። በአማርኛ ትርጉም የሚለውጠው ማጥበቅና ማላላት ነው፤ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ የተለያየ ነው። ስለዚህ «ኪቴ» ላይ «ቴ» ሲጠብቅ ቴምብር መሆኑን ለመስማት አንቸገርም። አናባቢ ሲረዝም ግን ጆሯችን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

መድኃኒቱ ሰፈራችን ውስጥ አለ። ኦሮምኛ አናባቢ እያስረዘመ ትርጉም ይለያል፤ ሶማልኛም እንደዚያው። አንዲት ጎረቤታችንን ለመንኳት። «ለፈ» አለችኝ፣ በኦሮምኛ መሬት ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱንም አናባቢ ሳብ አድርጋ «ላፋ» አለች፣ ለስላሳ ማለት ነው። ደጋግማ ስትለው ጆሮዬ ተከፈተ። ቤት ገብቼ ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ፦ ኦ፣ ባ፣ ሳ፣ ን፤ አራት ምት። ኦ፣ ባ፣ ኣ፣ ሳ፣ ን፤ አምስት። «ን» ራሷን የቻለች ምት መሆኗን ልብ በሉ። አዲስ ቃል በገጠማችሁ ቁጥር እንዲህ ምቱት፣ ድምጻችሁን በስልክ ቅዱና ከመጽሐፉ ድምጽ ጋር አስተያዩት።

አረፍተ ነገሩ ከተዘበራረቀ

በእንግሊዝኛ ዞራችሁ እየሄዳችሁ ነው። «ዋታሺ ዋ ፓን ኦ ታቤማስ»፤ «እኔ ዳቦ እበላለሁ»። ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው። «ኦ» ደግሞ «ዳቦውን» ስንል የምትመጣዋን «ን» ትመስላለች። ልዩነቱ፣ የትኛው ዳቦ እንደሆነ ባይታወቅም ትገባለች። ከምሳሌው ስር አማርኛውን ጻፉ፣ እንግሊዝኛውን ተዉት።

«ቴ» ላይ መጽሐፉን ከዘጋችሁት

«ቴ» ግሱን በ«ቴ» ወይም በ«ዴ» ጨርሶ ድርጊቶችን የሚያያይዝ ቅርጽ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ የግሱ ሠንጠረዥ ያስፈራል። ግን አነጋገሩ በአፋችን ያለ ነው። «ኦኪቴ፣ ኮኦሂኢ ኦ ኖንዴ፣ ኢኪማሺታ» ማለት «ተነስቼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ሄድኩ» ማለት ነው። «ኖሙ» «ኖንዴ» የሚሆንበትን መንገድ መሸምደድ ግድ ነው፤ የት እንደሚገባ ግን ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም። እኔ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ስር እየሄድኩ ከእንቅልፌ ከተነሳሁ ጀምሮ ያደረግኩትን በ«ቴ» እደረድራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ «ጠጥቼ» ማን እንደጠጣ ይናገራል፣ «ኖንዴ» አይናገርም።

«አናታ» ካበዛችሁ

«አናታ» «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ነው፤ የምታበዙት እንደ «እርስዎ» አክብሮት መስሏችሁ ነው። ጃፓኖች ስሙን የሚያውቁትን ሰው በ«አናታ» ፈንታ በስሙ ላይ የአክብሮት ቃሏን «ሳን» ጨምረው ይጠሩታል። በራሳችሁ ስም ላይ ግን «ሳን» አታድርጉ።