በጅማ ቤት የስፌት ክፍል ሲያደራጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስፌት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ ይይዛል፤ ልብስ በመኪና መስፋትም ስፌት ነው፣ በወስፌና በአለላ መሶብ ወይም ሰፌድ መሥራትም ስፌት ነው። በጅማ በማውቃቸው ብዙ ቤቶች ሁለቱም የሚከናወኑት በአንድ ክፍል ሲሆን፣ ክፍሉም አብዛኛውን ጊዜ ልጆች አድገው የለቀቁት መኝታ ቤት ወይም ከሳሎን በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ፈጽሜአቸዋለሁ፤ የቀሩትን በጎረቤትና በዘመድ ቤት አይቻለሁ። ሁሉም የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ይመስለኛል። ክፍሉን የምናደራጀው በበሩ ብቅ ብሎ «እንዴት ያምራል!» ለሚል እንግዳ እንጂ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ለተቀመጠ ሰው እጅ አይደለም፤ ዝናቡን ደግሞ ጭራሽ እንረሳዋለን።

ጨርቅን በፌስታል ቋጥሮ ከግድግዳ ማስጠጋት

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ዝናቡም ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ መለስ ቀለስ ሲል ይከርማል። በዚህ ምክንያት በደረቅ አገር ያለ ችግር የሚያገለግል የጨርቅ አቀማመጥ እዚህ ጉዳት ያመጣል። ብዙዎቻችን ከመርካቶ የገዛነውን ጨርቅ ከነፌስታሉ እንቋጥርና፣ ሲበዛ ደግሞ በማዳበሪያ ከተን በክፍሉ ጥግ እንደረድረዋለን። ፌስታል አቧራን ይከለክላል፤ ነገር ግን ጨርቁ ይዞት የገባውን እርጥበት መውጫ አሳጥቶ አብሮ ያፍነዋል። የውጭ ግድግዳ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የክፍሉ እርጥብ አየር ሲያርፍበት ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ቤቱ የጭቃ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ከመሬት የሚስበው እርጥበት ይጨመርበታል። በነሐሴ ቋጠሮው ሲፈታ የሚወጣው ሽታ፣ በነጩ ጨርቅ ላይም እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትኖ የሚታየው ጥቁር ነጥብ የዚህ ውጤት ነው።

አንድ ክረምት ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ያስቀመጥሁትን ነጭ ሸማ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ነጩን ክፍል በበረኪና ማስለቀቅ ይቻል ይሆናል፤ ጥበቡ ግን ቀለሙን ስለሚያጣ ነጥቡ ያረፈበትን ክንድ የሚያህል ጨርቅ ከመቁረጥ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ቀሚሱ ከታሰበው አጠረ፤ ሙሽራይቱ ረጅም በመሆንዋ ደግሞ ማጠሩ ጎልቶ ታየ።

መደርደሪያው ጀርባው ክፍት ቢሆን፣ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳው ደግሞ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ቢቆም አየር በዙሪያው ይመላለሳል። ጨርቁን ከአቧራ ለመጠበቅ በፌስታል ምትክ ታጥቦ የደረቀ አሮጌ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ሁሉንም አውጥቶ ማናፈስ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀለም ያለው ጨርቅ ቀጥተኛ ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው በጥላ ሥር ሊሰጣ ይገባል። ስታርች የተደረገበት ጨርቅ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ አስቀድሞ ታጥቦ ስታርቹ ይውጣ፤ ሻጋታም ነፍሳትም ይመገቡታልና።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ መፍትሔዎችን ለይቼ ማንሣት እወዳለሁ። ናፍታሊን ብልን ይገድላል፤ ሻጋታን ግን አይከለክልም። ብልም ቢሆን የሚያጠቃው በዋናነት ሱፍና ሐርን ስለሆነ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅን በናፍታሊን መሙላት ትርፉ ሽታ ነው፤ ከረሜላ የሚመስለው ነጭ እንክብል ሕፃናት እጅ ቢገባ ደግሞ መርዝ ነው። ሁለተኛው ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ነው። ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። የከሰል ካውያ የሚጠቀም ሰውም በርና መስኮቱን ከፍቶ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ ሆኖ ይተኩስ።

የረጠበ ስንደዶንና አለላን ከነጭ ጨርቅ ጋር ማኖር

መሶብ የሚሰፋ ሰው ስንደዶውና አክርማው ሲታጠፍ እንዳይሰበር በውኃ ማራስ አለበት። ሥራው ራሱ እርጥበት ይፈልጋል ማለት ነው፤ የልብስ መኪና ደግሞ ከእርጥበት ጋር ጠላት ነው። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስናኖር የምንታዘበው ነገር ቀስ ብሎ ይመጣል፦ በመጀመሪያ መርፌው የሚገባበት የብረት ሳህን ቡናማ ነጥብ ያወጣል፣ ቀጥሎ የታች ክር የሚቀመጥበት ቤት እየተንገራገጨ ይዞራል፣ በመጨረሻም ያለ ምክንያት የሚበጠስ የሚመስለን ክር የሚበጠሰው ዝገት እየቆረጠው ይሆናል።

አለላው ሌላ ጣጣ አለው። ቀለም የገባ ስንደዶ ሲርስ ቀለሙን ይለቃል፤ ቀይና ወይን ጠጅ ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። በእጃችን ላይ የቀረው ቀይ ቀለም ወደ ነጠላ ጠርዝ ሲተላለፍ ወዲያው አይታወቅም፤ የሚታወቀው ጨርቁ ከታጠበ በኋላ ቀለሙ ሲሰፋ ነው። ስለዚህ የማራሻው ሳህን ከክፍሉ ውጭ በረንዳ ላይ ይቀመጥ፤ የሚራሰውም ለዚያ ቀን የሚበቃው ብቻ ይሁን። የተረፈው ሳይደርቅ ተመልሶ ከታሰረ እዚያው ይሻግታል። ደረቁ አለላ በየቀለሙ ታስሮ በሩ አጠገብ አየር በሚያገኝበት ቦታ በገመድ ቢንጠለጠል፣ ነጭ ጨርቅ ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ቢሆን ሁለቱ የሚገናኙበት አጋጣሚ ይቀንሳል። ወስፌም የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። እናቴ ጫፉን በደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ሰክታ ታስቀምጠው ነበር፤ እኔ ከዚያ የተሻለ ማስቀመጫ በገበያ አላየሁም።

በርጩማ ላይ ተቀምጦ መኪና መርገጥ

የጅማ በርጩማ የታወቀ የእጅ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ከአንድ ወጥ እንጨት ተፈልፍለው የሚወጡ፣ ሦስት እግር ያላቸው ናቸው፤ ሦስት እግር ደግሞ ባልተስተካከለ ወለል ላይ እንኳ አይወላገድም። ይህ ሁሉ ሙያ ግን ለአጭር መቀመጫ የዋለ ነው። የስፌት መኪና ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ትከሻውን ሰቅሎ ለመሥራት ይገደዳል፤ ማታ የሚሰማው የአንገት ሕመምም ብዙ ጊዜ በብርድ ይመካኛል። ለመኪናው ክርን ከጠረጴዛው እኩል የሚያደርግ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ወንበር ያስፈልጋል። በርጩማው ለጥልፍ፣ ለዳንቴልና ለመሶብ ሥራ ይቆይ፤ እዚያ ቦታው ነው።

መቁረጫውም እንዲሁ የራሱን ከፍታ ይፈልጋል። አልጋ ላይ ወይም ወለል ላይ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ መቁረጥ ወገብን ይጎዳል፤ ቆሞ ለሚቆርጥ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ይስማማዋል። ቦታ ከጠበበ ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ሳንቃ ማሠራት ይቻላል። ብርሃኑን በተመለከተ፣ በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው መስኮቱን በግራው ቢያደርግ የራሱ እጅ መርፌው ላይ ጥላ አይጥልም። መኪናውን መስኮት ፊት ለፊት ማቆም የሚያምረው ከውጭ ለሚያይ መንገደኛ ነው፤ የሚሰፋውን ሰው ግን ዓይኑን ይወጋዋል።

መርፌዎችን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ማጠራቀም

ክዳኑን ከፍተን ብስኩት የማናገኝበት ያ ክብ ቆርቆሮ በየቤቱ አለ። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ስፒል፣ የተሰበረ ጠመኔና ከእሽጉ የወጣ መርፌ አብረው ያድራሉ። ለቁልፍ ምንም አይደለም፤ ለመርፌ ግን ጥፋት ነው፤ መርፌ ከእሽጉ ከወጣ በኋላ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነውና። በእሽጉ ላይ 70፣ 90 ወይም 100 ተብሎ የተጻፈው የመርፌውን ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚገልጽ ነው፤ 90 ቁጥር 0.9 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለመካከለኛ 90፣ ለጅንስ 100 ይመረጣል። ከዚህም በላይ የቤት መኪና መርፌ የሚይዘው ጫፍ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን ሙሉ ክብ ነው፤ የተሳሳተው ሲገባ መኪናው ስፌት ይዘላል፣ እኛም መኪናው ተበላሸ ብለን ሠሪ ፍለጋ እንሄዳለን።

ከእሽጉ የወጣና ገና የሚሠራ መርፌ ቁጥሩ በተጻፈበት ቁራጭ ሱፍ ላይ ይሰካ። የተሰበረና የዶለዶመ መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠራቀም፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ሊዘገይ የሚችል ጉዳይ አይደለም።

ሶኬቱን ከቁም ሣጥን ጀርባ መደበቅ

ሽቦ ሲታይ ክፍሉን ያበላሻል ብዬ ማከፋፈያውን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደብቄው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየተኮስሁ ሳለ መብራት ሄደ። ካውያውን ለመንቀል ቁም ሣጥን መግፋት ስለነበረብኝ «ኋላ እነቅለዋለሁ» ብዬ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድሁ። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ መብራት መጣ። ስመለስ ክፍሉ በጭስ ታፍኖ፣ ዩኒፎርሙ፣ ከሥሩ ያለው ብርድ ልብስና ሳንቃው የካውያውን ቅርጽ ይዘው ጠቁረው ነበር። ሳንቃው እስከ ዛሬ አለ፤ ልጆቼ እንግዳ ሲመጣ ማሳየት ይወዳሉ።

የካውያ ሶኬት ከተቀመጥንበት ወይም ከቆምንበት ሳንርቅ እጃችን የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት፤ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ መንቀል ነውና። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል የኤሌክትሪክ መኪናም አብሮ ቢነቀል ይበጃል። 2,000 ዋት የሚስብ ካውያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ርካሽ ማከፋፈያ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ በተለይም ሽቦው ተጠቅልሎ ከጨርቅ ክምር ሥር ካለ። ካውያ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ቢሰካ መልካም ነው።

በአጭሩ የሚታለፉ ሌሎች ስህተቶች

የጨርቅ መቀስ ለወረቀት አይዋል፤ በወረቀት ውስጥ ያለው ማዕድን ስለቱን ይበላዋል። በእጀታው ላይ ቀይ ክር ቢታሰር ልጆች ለደብተር ሥራቸው የትኛውን እንዳይነኩ ያውቃሉ።

መኪናን በምግብ ዘይት መቀባት ለጊዜው ድምፁን ያለሰልሳል፤ ከወራት በኋላ ግን ዘይቱ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ውድ አይደለም፤ ከተቀባ በኋላም ትርፍ ዘይቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ቁራጭ ጨርቅ ላይ መስፋት ያስፈልጋል።

ክርን በየቀለሙ መስኮት ላይ መደርደር ከሁሉም በላይ ለእንግዳ የሚደረግ ጌጥ ነው። ፀሐይ ቀለሙን ከማደብዘዟም በላይ ክሩን ታደክመዋለች፤ በመሳቢያ ይቀመጥ።

ቁርጥራጭ ሁሉ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ሲቀመጥ ክፍሉን ይውጠዋል። ከመዳፍ የሚያንሰውን ለትራስ መሙያ አድርጎ፣ የቀረውን በቀለም ሳይሆን በዓይነት መለየት ይሻላል፤ ጥጥና ፖሊስተር አብረው ከተሰፉ ለጥጡ የሚስማማው የካውያ ሙቀት ፖሊስተሩን ይጎዳዋል። ያልታጠበ አዲስ የጥጥ ጨርቅም ከታጠበው ጋር አይቀላቀል፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ ልብስ በመጀመሪያ እጥበቱ ያጥራል።

ለጎረቤት የሚሰፉ ደግሞ የሰው ልብስና የቤት ልብስ በአንድ ክምር እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ለዒድም ለፋሲካም ሥራው በአንድ ሳምንት ስለሚጎርፍ፣ ልኩ፣ የባለቤቱ ስምና የቀጠሮው ቀን በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ ይኑር። ወረቀቱ ግን በስፒል ከሚያያዝ በሁለት ነጥብ ክር ቢሰፋ እመርጣለሁ፤ በሐምሌ ሁለት ሳምንት የቆየ ስፒል ዝጎ፣ በነጭ ቀሚስ ደረት ላይ በሳሙና የማይለቅ ቡናማ ምልክት ትቶ ይወጣል።