ጅቡቲ ማንግሮቭ ውስጥ ዓሣ ለማጥመድ ከአዲስ አበባ ሆኖ እንዴት ይታቀዳል?

መጀመሪያ ትኬት አትግዙ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ረዘም ያለ የበዓል ዕረፍት ይገኛል፣ ሦስት አራት ጓደኛ ፒያሳ ቡና ላይ ይሰባሰባል፣ ትኬት ይቆረጣል፤ ጀልባው "እዚያ ስንደርስ እንጠይቃለን" ይባላል። ለዝዋይ ወይም ለጣና ይህ ያስኬዳል። የሐይቅ ውሃ ጠዋት የነበረበት ማታም እዚያው ነው። ባሕር ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ማንግሮቭ ማለት ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚቆም የባሕር ዳር ዛፍ ነው። ውሃው ሲሄድ ከሥሩ የሚቀረው ጭቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወቅት፣ ውሃ፣ ጋይድ፣ ከዚያ ትኬት ነው።

ወቅትና ቦታ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሂዱ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስም አሸዋ እያነሳ ይመጣል። "አዲስ አበባ ሲዘንብ ወደ ሙቀት እንሽሽ" የምትሉ ካላችሁ፣ ይቅርባችሁ።

ለጀማሪ የሙሻ ደሴት ይበቃል። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ደርሶ መልስ ነው፤ ማንግሮቭም አለው። ከኦቦክ ከተማ በስተሰሜን ያለው ጎዶሪያ የበለጠ ሰፊ ነው፤ ግን ማደርን ይጠይቃል። ሁለቱም ጥበቃ የሚደረግላቸው አካባቢዎች ናቸው። የትኛው ጥግ ላይ መንጠቆ መጣል እንደሚፈቀድ ጋይዱ በቅድሚያ አጣርቶ ይንገራችሁ። "ችግር የለም" መልስ አይደለም።

ውሃው

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የጅቡቲ ወደብ የውሃ ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ለአንድ ቀን ብዙውን ጊዜ አራት መስመር አለው፦ ሁለት ሙላት፣ ሁለት ጉድለት፣ ከየሰዓቱ ጎን ደግሞ የውሃው ከፍታ በሜትር። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ሁለቱ ሙላቶችም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሜትሩንም እዩ።

ከዚያ ጨረቃዋን እዩ። ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ የውሃው ልዩነት ትልቅ ነው። ግማሽ ስትሆን ትንሽ ነው። በጣም ትልቅ ሲሆን ዓሣው ከውሃው ጋር ሥሮቹ መሃል ይገባል፤ መንጠቆ አይደርስበትም። በጣም ትንሽ ሲሆን ውሃው አይነቃነቅም፣ ዓሣውም እንደዚያው። እኔ የምመርጠው ከሙሉ ጨረቃ ወይም ከአዲስ ጨረቃ ሦስት አራት ቀን ራቅ ያለውን ነው።

በዓላችን ደግሞ ከዚህ ጋር ሁሌ አይገጥምም። ፋሲካ የሚውለው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከቀናት በኋላ ነው። በ2017 ሚያዝያ 12 ሲውል ጨረቃዋ ግማሽ ላይ ነበረች፤ ውሃው ደካማ ነው ማለት ነው። ጥምቀት ግን ቀኑ ቋሚ ስለሆነ ጨረቃው በየዓመቱ ይለያያል። የ2018ቱ አዲስ ጨረቃ ላይ ነው የወደቀው፤ ውሃው ብርቱ የሚሆንበት ጊዜ። ለዕረፍት የተመቸ ቀን ለዓሣ ይመቻል ብላችሁ አታስቡ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰንጠረዡ የሚጠቀመው የፈረንጆቹን ሰዓት ነው። የኛ ሰዓት ከዚያ በስድስት ይለያል። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ጊዜስ? ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ። ስለዚህ ሰዓት የተሳሳተ ሰው ትንሽ አይደለም የሚሳሳተው፤ ሙላቱን ጉድለት፣ ጉድለቱን ሙላት አድርጎ ነው የሚያነበው። እንበል ሰንጠረዡ 06:10 ላይ 2.4 ሜትር ይላል። ያ በኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ10 ነው። በኛ ልማድ አንብባችሁ በቀን 6 ሰዓት ብትደርሱ የምታገኙት ዝቅተኛውን ውሃ ነው።

ጓደኞቼ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጀልባ ነጂው አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ጅቡቲ ከተማ አማርኛ የሚችል ሰው አይጠፋም። "ስድስት ሰዓት ወደቡ ላይ እንገናኝ" አላቸው። እነሱ ቁርሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው በቀትር ከች አሉ። እሱ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ተናደው፣ ተጨቃጭቀው፣ ገንዘቡ ስለተከፈለ ብቻ ተነሱ። ጀልባዋ ገና ወደ ማንግሮቩ የሚያስገባው የውሃ ቦይ አፍ ላይ ስትደርስ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ተመልሶ እስኪያነሳት ድረስ ጥላ የሌላት ጀልባ ላይ ተቀምጠው ሸርጣን ሲቆጥሩ ዋሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዓት በአፍ አትቀጣጠሩ፤ በጽሑፍ 06:00 ብላችሁ ላኩ፣ "ከፀሐይ መውጫ ጋር" የሚል ጨምሩበት። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ።

ጥሩው ሰዓት ሙላቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ናቸው። ቦዩ አፍ ላይ ቆማችሁ ሥሮቹን ተመልከቱ። ውሃው የለቀቀው ክፍል ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይታያል፤ ያ መስመር በሰፋ ቁጥር ውሃው እየወረደ ነው። ጥቃቅን ዓሣና ሽሪምፕ መሸሸጊያ አጥተው ከውሃው ጋር ይወጣሉ። ባራኩዳውም ሌላው አዳኝ ዓሣም የቦዩ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። መንጠቆው መውደቅ ያለበት እዚያ ነው። መውጫ ሰዓታችሁን ግን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። ዓሣ እየተያዘ "አሥር ደቂቃ ብቻ" የሚል ሰው አይጠፋምና።

ጋይድ

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አውሩት። ፎቶ ላይ ትልቅ ዓሣ ማቀፉ ምንም አይነግራችሁም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ጀልባው ምን ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ይፈልጋል? ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ጃኬት አለ? ጥላ አለው? ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ነዳጅ ተጨምሮ ነው? ነፋስ ቢነሳ ቀብዱ ይመለሳል? ቀኑን እናንተ ከመንገራችሁ በፊት "ለውሃው የትኛው ቀን ይሻላል?" በሉት። ሰንጠረዥ አውጥቶ የሚያሰላ ሰው ጋይድ ነው። "ሁሉም ቀን ጥሩ ነው" የሚለው ጀልባ አከራይ ነው። ዓርብ የከተማው የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጀልባ ሊጣበብ ይችላል።

ትኬት፣ ገንዘብ፣ ዕቃ

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩ ርካሽ ነው፤ ግን እንደ ድሮው ከለገሃር አይነሳም፣ ለቡ ድረስ መውጣት አለባችሁ። ቀኑንም ይበላል። ጊዜ ካላችሁ ለመልስ ጉዞ እመክራለሁ፣ ለመሄጃ ግን አይሆንም፤ ውሃው አይጠብቅም። ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ቀድማችሁ ጨርሱ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነውና ሒሳቡ አያስቸግርም።

ዘንግና ክር ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ አትሂዱ። እዚህ የሚገኘው ለሐይቅ የሚሆን ነው፤ ጨው ቶሎ ይበላዋል። የጋይዱን ተጠቀሙ። ባራኩዳ ካለ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ሽቦ መኖሩን አረጋግጡ፤ ጥርሱ እንደ ምላጭ ነው። ከቤት የምትይዙት አሮጌ ሸራ ጫማ (ሰንደል ጭቃው ያስቀረዋል)፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ፖላራይዝድ (የውሃ ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽርና የወባ ትንኝ ቅባት ነው። ውሃ በሰው ቢያንስ 4 ሊትር።

በዋዜማው ማታ ጋይዱን ስለ ነፋስ ጠይቁት። "ይበረታል" ካለ አትከራከሩት። በማግስቱ መኪና ተከራይታችሁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ወደሚገኘው አሳል ሐይቅ ውረዱ። መንጠቆውን ግን ሆቴል ተዉት፤ ያ ውሃ ከባሕር 10 እጥፍ ገደማ ጨው ነው።